ደካማው ድምፅ እንዲሰማ፦ የአጭር ሞገድ ስምምነት ታሪክ ከናይሮቢ ሰማይ ሥር

ከናይሮቢ መሐል ከተማ ወደ ሰሜን ሲወጡ፣ ከካሩራ ደን አጠገብ ጊጊሪ የሚባል ሠፈር ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው በዚሁ ሠፈር ነው። ፕሮግራሙ በ1972 በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ሲቋቋም መቀመጫው ናይሮቢ እንዲሆን በመወሰኑ፣ በታዳጊ አገሮች ምድር ላይ የተተከለ የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ለመሆን በቅቷል። በጊጊሪ ቅጥር ግቢ ውስጥ ስለ ውኃ፣ ስለ አየር፣ ስለ ደንና ስለ ዱር አራዊት ብዙ ውይይት ይካሄዳል። እነዚህ ሁሉ የሰው ልጅ በጋራ የሚጠቀምባቸው፣ አንዱ ሲያበላሻቸው ሌላው የሚጎዳባቸው ሀብቶች ናቸው።

ይሁንና በዚያው ግቢ አናት ላይ፣ በካሩራ ዛፎችና በከተማይቱ ጣሪያዎችም ላይ ሌሊትና ቀን የሚያልፍ፣ ዓይን የማያየው አንድ ሌላ የጋራ ሀብት አለ። እርሱም የሬዲዮ ሞገድ ነው። ይህም ሀብት እንደ ውኃው ይሻማሉበታል፣ ያበላሹታል፣ ካልተስማሙበትም ለማንም የማይበጅ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ሰዎች በዚህ ሀብት ለመጠቀም እንዴት እንደተስማሙ፣ በተለይም እጅግ ደካማ የሆነ ድምፅ ከሩቅ አገር እንዲሰማ ሲሉ ብርቱዎቹ ዝም የሚሉበት ሥርዓት እንዴት እንደተፈጠረ፣ በዚህም ውስጥ የናይሮቢና የአገራችን ሰማይ ምን ድርሻ እንዳላቸው ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሥር ሴኮንድ በናይሮቢ

በናይሮቢ ዙሪያ የኬንያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የሚንከባከበው አንድ ትንሽ ማሠራጫ አለ። የጥሪ ምልክቱ 5ዜድ4ቢ ይባላል። ሙዚቃም ሆነ ዜና አያሰማም። በየሦስት ደቂቃው አንድ ጊዜ ይነሣና በ14.100 ሜጋኸርዝ ላይ ለአሥር ሴኮንድ ያህል ብቻ ይናገራል። በመጀመሪያ ስሙን በሞርስ ፊደል ይጠራል። ቀጥሎም እያንዳንዳቸው አንድ ሴኮንድ የሚረዝሙ አራት ድምፆች ያሰማል። ስሙና የመጀመሪያው ድምፅ በ100 ዋት፣ ሁለተኛው በ10 ዋት፣ ሦስተኛው በ1 ዋት፣ አራተኛው በአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ኃይል ይላካሉ። ከዚያም ወደ 18.110፣ ወደ 21.150፣ ወደ 24.930፣ በመጨረሻም ወደ 28.200 ሜጋኸርዝ በየተራ እየተዛወረ ይህንኑ ይደግማል።

100 ዋት ማለት በየቤታችን እንጠቀምበት የነበረው የቀድሞው ደማቅ አምፑል የሚወስደው ኃይል ነው። አንድ አሥረኛ ዋት ግን ከእጅ ባትሪ አምፑል እንኳ ያነሰ ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ፣ በሕንድ ወይም በፊንላንድ የተቀመጠ አዳማጭ አራቱንም ድምፆች ከሰማ፣ በዚያ ሰዓት ሰማዩ በእርሱና በናይሮቢ መካከል በሰፊው ተከፍቷል ማለት ነው። አንዱን ብቻ ከሰማ መንገዱ ጠባብ ነው። ምንም ካልሰማ ደግሞ በዚያ ሞገድ መንገዱ ተዘግቷል ብሎ ይገምታል።

እንዲህ ያሉ ጠቋሚ ጣቢያዎች በዓለም ላይ አሥራ ስምንት ናቸው። ሁሉም የሚናገሩት በእነዚያው አምስት ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ነው። ታዲያ አሥራ ስምንት ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሲናገሩ እንዴት አይደበላለቁም? ምሥጢሩ ተራ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ አሥር ሴኮንድ ተሰጥቶታል። አሥራ ስምንት ጊዜ አሥር መቶ ሰማንያ ሴኮንድ፣ ማለትም ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ተራውን የሚከፍተው በኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት የተመደበው 4ዩ1ዩኤን ነው። ከዚያ ካናዳ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሐዋይ፣ ኒው ዚላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ጃፓን፣ ሳይቤሪያ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ስሪላንካና ደቡብ አፍሪካ ይከተላሉ። ልክ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ ሲሆን የናይሮቢ ተራ ይደርሳል። ከናይሮቢ በኋላ እስራኤል፣ ፊንላንድ፣ ማዴይራ፣ አርጀንቲና፣ ፔሩና ቬኔዙዌላ ተናግረው ዙሩ እንደገና ከኒው ዮርክ ይጀምራል። የጣቢያዎቹ ሰዓት ከሳተላይት በሚመጣ የጊዜ ምልክት ስለሚስተካከል አንዱ የሌላውን ተራ አይነካም።

ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። መነሻውን ለማየት ወደ ኋላ መቶ ዓመት መመለስ ያስፈልጋል።

የማይፈለግ ተብሎ የተሰጠ ሞገድ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሬዲዮ ሊቃውንት ሩቅ ለመድረስ ረጅም ሞገድ ያስፈልጋል ብለው ያምኑ ነበር። በዚህም ምክንያት የመርከብ ኩባንያዎች፣ የጦር ኃይሎችና ታላላቅ የቴሌግራፍ ድርጅቶች ረጃጅሞቹን ሞገዶች ተከፋፈሏቸው። አሜሪካ በ1912 ባወጣችው የሬዲዮ ሕግ ደግሞ አማተሮች፣ ማለትም ለትርፍ ሳይሆን ለእውቀት ፍቅር ሲሉ የሚሠሩት ሰዎች፣ ከ200 ሜትርና ከዚያ በታች ባለው ሞገድ እንዲወሰኑ ተደረገ። ይህ ክፍል ለቁም ነገር አይውልም ተብሎ የታሰበ ስለነበር፣ እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ግዞት የሚቆጠር ነበር።

ይሁንና አማተሮቹ በተሰጣቸው ጠፍ መሬት ላይ ማረስ ጀመሩ። በታኅሣሥ 1921 ፖል ጎድሊ የተባለ አሜሪካዊ ከአገሩ አማተሮች ማኅበር ተልኮ ስኮትላንድ ውስጥ አርድሮሳን በተባለ የባሕር ዳርቻ ድንኳን ተከለ። ከውቅያኖሱ ማዶ ያሉት ባልደረቦቹ ደግሞ አስቀድሞ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ የሞገድ ክልል፣ በታወቀ የምልክት ፊደል በየተራ ላኩ። ጎድሊ በብርድና በዝናብ ውስጥ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ከሃያ የሚበልጡ የአሜሪካ አማተር ጣቢያዎችን ለመስማት ቻለ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለዚህ ውጤት መልካም መሣሪያ ብቻውን አይበቃም ነበር። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ሞገድ ላይ እንደሚናገር አስቀድሞ ባይታወቅ ኖሮ ጎድሊ በሰፊው የሞገድ ባሕር ውስጥ ያንን ቀጭን ድምፅ ፈልጎ ማግኘት እጅግ ያስቸግረው ነበር። ደካማ ድምፅን የሚያዳምጥ ሰው ጆሮውን የት እንደሚያሳርፍ ማወቅ አለበት። የፍሪኩዌንሲ ስምምነት የሚባለው ነገር መሠረቱ ይኸው ነው።

በኅዳር 1923 በኒስ ከተማ የሚኖር ሊዮን ደሎይ የተባለ ፈረንሳዊ አማተር ከአሜሪካዊው ፍሬድ ሽኔል ጋር ውቅያኖሱን ተሻግረው እርስ በርስ ለመነጋገር በቁ። በጥቅምት 1924 ደግሞ የሆነው ነገር ለተማሪዎቻችን በተለይ ሊነገር የሚገባው ነው። ለንደን አጠገብ ባለው ሚል ሂል ትምህርት ቤት ይማር የነበረው የ18 ዓመቱ ሴሲል ጎይደር በትምህርት ቤቱ ጣቢያ ተጠቅሞ፣ በኒው ዚላንድ ደሴት በግ ከሚያረባው ፍራንክ ቤል ጋር ተነጋገረ። በመካከላቸው 19,000 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ከዚህ የሚበልጥ ርቀት በምድር ላይ ማግኘት ያዳግታል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከዓለም ጫፍ እስከ ጫፍ ሲነጋገር፣ አጭር ሞገድ ጠፍ መሬት ነው የሚለው አስተሳሰብ አበቃለት። ታላላቆቹ ኩባንያዎችና መንግሥታትም ወደዚያው ወደ ተናቀው መሬት መጉረፍ ጀመሩ።

ሰማይ እንዴት ይመልሳል?

አጭር ሞገድ ይህን ያህል የሚርቀው በምን ምክንያት ነው? መሬት ክብ ናት፤ ሞገድ ደግሞ በቀጥታ ይሄዳል። ስለዚህ ከአድማስ ወዲያ ማለፍ ባልቻለ ነበር። ዳሩ ግን የፀሐይ ጨረር ከፍ ብሎ ያለውን ስስ አየር እየመታ ኤሌክትሮኖችን ከአተሞች ስለሚለያይ፣ ከመሬት በላይ ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ በኤሌክትሪክ የተሞላ ንብርብር ይፈጠራል። ይህ ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። በ1902 ኬነሊና ሄቪሳይድ እንዲህ ያለ ንብርብር ሳይኖር አይቀርም ብለው ነበር። በ1924 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተን መኖሩን በሙከራ አረጋግጦ ለዚህና ለተከታዩ ሥራው በ1947 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

አጭር ሞገድ ወደዚህ ንብርብር ሲደርስ እየታጠፈ ወደ ምድር ይመለሳል። በአንድ ዝላይ እስከ ሦስት ወይም አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ከምድር ነጥሮ እንደገና ሲወጣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዝላይ ያደርጋል። ነገር ግን ንብርብሩ በየሰዓቱ፣ በየወቅቱና በየአሥራ አንድ ዓመቱ የፀሐይ ዑደት ይለዋወጣል። ሞገዱ በጣም ሲያጥር፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል፣ ንብርብሩን ጥሶ ወደ ጠፈር ያመልጣል። በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ ቀን ቀን በታችኛው ንብርብር ይዋጣል።

ከዚህም የተነሣ አንድ አስገራሚ ነገር ይከሰታል። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በአየር 1,160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ28 ሜጋኸርዝ ላይ የፊንላንድ ጠቋሚ ጣቢያ በአዲስ አበባ ጥርት ብሎ ሲሰማ፣ ጎረቤታችን ናይሮቢ ግን ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ለአጭር ርቀት ከፍ ብሎ የሚወጣው ሞገድ ንብርብሩን ጥሶ ሲያልፍ፣ ዝቅ ብሎ በአግድሞሽ የሚሄደው ብቻ ስለሚታጠፍ፣ የሚወርደው ከእኛ ጭንቅላት በላይ አልፎ ነው። ስለዚህ ቅርብ የሆነ ሁሉ ይሰማል፣ ሩቅ የሆነ ሁሉ አይሰማም የሚለው ግምት በአጭር ሞገድ ዘንድ አይሠራም።

በእኛ ሰማይ ላይ የታየ ጉድ

የምድር ወገብ በኬንያ በኩል እንደሚያልፍ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የምድር ማግኔት ወገብ ግን የሚያልፈው በኢትዮጵያ በኩል መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አዲስ አበባ ከዚሁ መስመር እጅግ ቅርብ ናት። በ1957 አባ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ያቋቋሙት ይህንኑ ጠባይ ለመከታተል ነበር። ዘመኑም ከ1957 እስከ 1958 የዘለቀው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲሆን፣ ፀሐይ ከፍተኛ የእንቅስቃሴ ደረጃ ላይ የደረሰችበት ጊዜ ነበር።

በማግኔት ወገብ ላይ፣ በቀን ጊዜ፣ የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይሎች ተባብረው የአዮኖስፌርን ኤሌክትሮኖች ወደ ላይ ያነሷቸዋል። ወደ ላይ የወጡትም እንደ ፏፏቴ ውኃ የማግኔቱን መስመር ተከትለው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በዚህ ምክንያት ከወገቡ በሁለቱም በኩል ወፍራም የኤሌክትሮን ጉብታ ይፈጠራል። ከወገቡ በስተ ሰሜን የሚነሣ ሞገድ በአንዱ ጉብታ ታጥፎ፣ መሬት ሳይነካ ወደ ሌላው ጉብታ ተወርውሮ፣ በስተ ደቡብ በተመሳሳይ ርቀት ላይ ሊወርድ ይችላል።

ይህንን ያገኙት ደግሞ አሁንም አማተሮች ናቸው። በ1947 በ50 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ይህን ያህል ይርቃል ተብሎ በማይታሰብ ፍሪኩዌንሲ፣ ከወገቡ ሰሜንና ደቡብ ያሉ አማተሮች መሰማማት ጀመሩ። በጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ ደግሞ በቆጵሮስና ያኔ ሶልስበሪ በምትባለው በዛሬዋ ሐራሬ ያሉ አማተሮች የሰዓትና የፍሪኩዌንሲ ቀጠሮ ይዘው እርስ በርሳቸው ተደማመጡ። በመካከላቸው ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት አለ። የመንገዱ እኩሌታ የሚያርፈው ከምዕራብ ኢትዮጵያ ድንበር ብዙም በማይርቅ ሰማይ ላይ ነው። በ1978 እና በ1979፣ ፀሐይ እንደገና ስትበረታ፣ ከምሥራቅ ሜድትራኒያን እስከ ደቡባዊው አፍሪካ ድረስ በ144 ሜጋኸርዝ እንኳ መሰማማት ተቻለ። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ስለሚመጣ ንግግርን መለየት ያስቸግራል፤ የሞርስ ምልክት ግን በትዕግሥት ሊነበብ ይችላል። ያንን ሞገድ የመለሰው በእኛና በጎረቤቶቻችን አናት ላይ ያለው ሰማይ ሲሆን፣ እኛ ግን በታች ሆነን በአብዛኛው አላዳመጥነውም።

አገራችን ግን ከአጭር ሞገድ ታሪክ ርቃ የኖረች አይደለችም። በ1935 የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሲያንዣብብ፣ የኢትዮጵያ አቤቱታ ለውጭው ዓለም የተሰማው በአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በአጭር ሞገድ ነበር። ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ በሆነችው አስመራ ደግሞ አሜሪካኖች ከ1943 እስከ 1977 ድረስ ትልቅ የሬዲዮ ጣቢያ ነበራቸው። ቃኘው ጣቢያ የተባለው በኮሪያ በዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ስም ነው። ቦታው የተመረጠበት አንዱ ምክንያት፣ ለወገብ ቅርብ የሆነ ከፍተኛ ቦታ በመሆኑ የክረምትና የበጋ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ፣ እንደ ሌሎች አገሮች ፍሪኩዌንሲን አዘውትሮ መለወጥ የማያስፈልግ መሆኑ ነበር። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮም ከ1963 እስከ 1977 ድረስ ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ በአጭር ሞገድ አሠራጭቷል። እንግዲህ ሰማያችን ያለውን ጥቅም ሌሎች ቀድመው ተረድተውት ነበር ማለት ይቻላል።

ከጉባኤ ወደ ጉባኤ

የአጭር ሞገድ ጥቅም ከታወቀ በኋላ ሽሚያው በረታ። አማተሮች በ1925 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ የአማተር ሬዲዮ ኅብረትን መሠረቱ። በ1927 በዋሽንግተን በተደረገው ጉባኤ መንግሥታት ሞገዱን ሲከፋፈሉ ለአማተሮችም ጠበብ ጠበብ ያሉ ክልሎች ተፈቀዱላቸው። በዚያ ጊዜ አብዛኛው የአፍሪካ ምድር በቅኝ ገዥዎች እጅ ስለነበር ስለ ሰማዩ የተናገሩለት ሌሎች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947 በአትላንቲክ ሲቲ በተደረገው ጉባኤ፣ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ከተባበሩት መንግሥታት ልዩ ድርጅቶች አንዱ ለመሆን መንገዱ ተከፈተ።

በ1979 በጄኔቭ ታላቁ የሬዲዮ ጉባኤ ሲሰበሰብ ግን ሁኔታው ተለውጦ ነበር። ነፃ የወጡት የአፍሪካና የእስያ አገሮች በብዛት ተገኝተዋል፤ ለእያንዳንዱ አገር ትንሽም ሆነ ትልቅ አንድ ድምፅ ነበረው። አማተሮች፣ አዳዲሶቹ መንግሥታት ይህ የሀብታሞች ጨዋታ ነው ብለው ክልላችንን ይወስዱብን ይሆናል በማለት ሠግተው ነበር። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ጉባኤው በ10፣ በ18 እና በ24 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሦስት አዳዲስ ክልሎች ለአማተሮች ፈቀደላቸው። ዛሬ የናይሮቢው ጠቋሚ ጣቢያ በ18.110 እና በ24.930 ላይ ሊናገር የቻለው በዚያ ውሳኔ ምክንያት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1982 መስከረም መጨረሻ፣ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ ዓቢይ ጉባኤ ናይሮቢ ላይ ተከፈተና እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ ቆየ። የናይሮቢው ስምምነት የሬዲዮ ሞገድ ውስን የተፈጥሮ ሀብት መሆኑን አጽንቶ፣ በክፍፍሉ ላይ የታዳጊ አገሮች ልዩ ፍላጎት እንዲታሰብ የሚል ቃል ጨመረ። በዚሁ ጉባኤ ውሳኔም በሰር ዶናልድ ሜይትላንድ የሚመራ ነፃ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ በሀብታምና በድሃ አገሮች መካከል ያለውን የቴሌፎን ልዩነት በ1984 መጨረሻ ባጠናቀቀው ዘገባው ለዓለም አሳወቀ። ስለዚህ ናይሮቢ የጋራ ሀብት ጉዳይ የሚመከርባት ከተማ ናት ሲባል በጊጊሪ ያለውን የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ብቻ ሳይሆን ይህንንም ማስታወስ ይገባል።

ፖሊስ የሌለው ሕግ

መንግሥታት ሰፋፊውን ክልል ያካፍላሉ። በክልሉ ውስጥ ማን የት ይናገር የሚለውን ግን የሚወስኑት አማተሮቹ ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ጠቋሚ ጣቢያ በ1979 በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በ14.100 ሜጋኸርዝ ላይ ሥራ ጀመረ። በ1980ዎቹ ውስጥ አሥር ያህል ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እየወሰዱ በየተራ የሚናገሩበት ሥርዓት ተዘረጋ። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ሥርዓቱ ወደ አምስት ፍሪኩዌንሲዎችና ወደ አሥራ ስምንት ጣቢያዎች እየሰፋ ሄደ።

አውሮፓን፣ አፍሪካንና መካከለኛውን ምሥራቅ የሚያጠቃልለው የአማተሮች የሞገድ ዕቅድ ከ14.099 እስከ 14.101 ሜጋኸርዝ ያለው ክፍል ለጠቋሚ ጣቢያዎች ብቻ እንዲተው ይጠይቃል። ይጠይቃል እንጂ አያስገድድም። በአብዛኛው አገር ይህን ዕቅድ የጣሰ አማተር የሚቀጣበት ሕግ የለም። አንድ ሺህ ዋት ያለው ሰው በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ሊናገር ቢፈልግ የሚከለክለው ኅሊናውና የባልደረቦቹ ተግሣጽ ብቻ ነው። እርሱ ከተናገረ ግን የአንድ አሥረኛ ዋቱ ድምፅ አሥር ሺህ ጊዜ በሚበልጠው ኃይል ተውጦ ይቀራል። በውድድር ቀናት መስመሩን የሚረግጡ ሰዎች አይጠፉም። ብዙኃኑ ግን ዝም ይላሉ። ለአርባ ዓመታት ያህል ሥርዓቱን ያቆመው ይህ ዝምታ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ስምምነት ዛሬም እየተስፋፋ ነው። በ1993 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ከተሰጣቸው ሳይንቲስቶች አንዱ የሆኑት አማተሩ ጆ ቴይለር፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ጆሮ የማይለየውን ደካማ ምልክት ኮምፒዩተር እንዲያነበው የሚያስችሉ ዘዴዎችን አዘጋጅተዋል። በ2017 የወጣው ኤፍቲ8 የተባለው ዘዴ ጊዜን በአሥራ አምስት አሥራ አምስት ሴኮንድ ይከፍላል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ለዚህ የሚበዛው ሰው የሚሰበሰበው በ14.074 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። መሣሪያው ቢራቀቅም መሠረቱ ያው በ1921 በአርድሮሳን ድንኳን የታየው ነው፤ ሰዓትና ቦታ አስቀድሞ መስማማት።

አሁን የሚያሳስበው ግን ሌላ ጠላት ነው። ርካሽ የኤሌክትሪክ ኃይል መለወጫዎች፣ የባትሪ መሙያዎችና አንዳንድ አምፑሎች ሳያስቡት የሬዲዮ ጫጫታ ያመነጫሉ። በከተማ ውስጥ ይህ ጫጫታ ደካማውን ድምፅ እየዋጠ መጥቷል። ወንዝ በፋብሪካ ዝቃጭ እንደሚበላሽ ሁሉ ሞገድም ይበላሻል። በጊጊሪ ስለ አየርና ስለ ውኃ የሚነገረው ቃል ለዚህም የሚስማማ ይመስለኛል።

ሁለት ጣቢያ ለአንድ አህጉር

ከአሥራ ስምንቱ ጣቢያዎች መካከል በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ የቆሙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ በደቡብ አፍሪካ፣ አንዱ በኬንያ። የናይሮቢው ጣቢያ ቢበላሽ ከሜድትራኒያን እስከ ደቡብ አፍሪካ ያለው ምድር ሁሉ ያለ ጠቋሚ ይቀራል። ነገሩንም የሚያከፋው፣ የሩቁ አዳማጭ ጉድለቱን ወዲያው ለመለየት አለመቻሉ ነው። የናይሮቢ ተራ ደርሶ ምንም ካልተሰማ፣ ሰማዩ ተዘግቷል ወይስ ጣቢያው ተቋርጧል? ዝምታ ሁለት ፍቺ አለው። የታሪክ ተማሪም ይህን ሊያስብበት ይገባል። ስለ አንድ ሕዝብ የተጻፈ ነገር አለመገኘቱ ሕዝቡ ምንም አልሠራም ማለት አይደለም፤ ምናልባት ድምፁን የሚያደርስ ጣቢያ አልነበረውም ይሆናል።

ኢትዮጵያ ከነዚህ አሥራ ስምንት ውስጥ የለችም። ቢሆንም ኢቲ እና 9ኢ በሚሉ መነሻዎች የሚጀምሩ የጥሪ ምልክቶች በዓለም አቀፍ ስምምነት የተመደቡት ለአገራችን ነው። ለዓመታት ቀዝቅዞ የነበረው አማተር ሬዲዮም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለው ኢቲ3ኤኤ በተባለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ክበብ ጣቢያ ተማሪዎችን እያሠለጠነ ይገኛል።

መምህራን በክፍል ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ለማሠራጨት ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ለማዳመጥ ግን የሚያስፈልገው የሞርስ ድምፅ ለይቶ የሚያሰማ የአጭር ሞገድ መቀበያ፣ ጥቂት ሜትር ሽቦና በትክክል የተሞላ ሰዓት ብቻ ነው። ተራ ሬዲዮ የሞርሱን ፉጨት ስለማያሰማ የነጠላ ጎን ሞገድ መቀበል የሚችለውን መምረጥ ይበጃል።

መቀበያውን በ14.100 ላይ ያቁሙ። ከሙሉ ሰዓት ጀምሮ በየሦስት ደቂቃው፣ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የናይሮቢን ስም ይጠብቁ። ምልክቱ አምስት አጭር፤ ሁለት ረጅምና ሁለት አጭር፤ አራት አጭርና አንድ ረጅም፤ አንድ ረጅምና ሦስት አጭር ነው። ከዚያ የሚከተሉትን ረጃጅም ድምፆች ቆጥረው ይመዝግቡ። ይህንኑ በጠዋት፣ በቀትርና በማታ ለአንድ ወር ቢያደርጉ፣ ስለ አዮኖስፌር ከመጽሐፍ ከሚያገኙት በላይ በራሳቸው መዝገብ ያውቃሉ። የፊዚክስ መምህሩ ስለ ሞገድ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ ስለ ርቀትና ስለ ሰዓት ልዩነት፣ የታሪክ መምህሩም ስለ ጉባኤዎቹ በአንድ ላይ ሊያስተምሩ ይችላሉ። ተማሪዎቹም ሲያዳምጡ ማውራት እንደማይቻል በተግባር ይማራሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአንድ ማሠራጫ ኃይል ከ100 ዋት ወደ አንድ አሥረኛ ዋት ሲወርድ በስንት እጥፍ ይቀንሳል? የሞገዱ ከፍታስ በስንት እጥፍ ይቀንሳል?

2. የ14.100 ሜጋኸርዝና የ28.200 ሜጋኸርዝ የሞገድ ርዝመት በሜትር ስንት ነው? ከዚህ በመነሣት የአንቴናውን ቁመት ተወያዩበት።

3. ቅጣት የሌለው ስምምነት ሊከበር የሚችለው በምን ምክንያት ነው? በአካባቢያችሁ ያለ ሕግ ሳይጻፍ የሚከበር የጋራ ሀብት አጠቃቀም ካለ፣ ለምሳሌ የምንጭ ውኃ ተራ ወይም የግጦሽ መሬት፣ ከዚህ ጋር አነጻጽሩ።

4. በ1912 ለአማተሮች የተተወው ሞገድ ዋጋ የሌለው መስሎ ታይቶ ነበር። ዛሬ ዋጋ የሌለው ተብሎ ከተተወ ነገር ምን ምሳሌ ልታቀርቡ ትችላላችሁ?